አቤቱታ መጻፍ አድማ ነው እንዴ? በዜግነት ትምህርት የተማርነው መብት የት ጋ ነው የሚሠራው?

የሰኞ ገበያ ልጅ፦

ሰላም ናችሁ። ደሴ ነው የምማረው፣ 11ኛ ክፍል ነኝ። ጥያቄዬ ትንሽ ረዘም ስለሚል ታገሱኝ።

በትምህርት ቤታችን የሴቶች ሽንት ቤት ውሃ ከጠፋ ቆየ። ከበዓል በፊት እንደጠፋ እስካሁን አልመጣም። የወር አበባ ሲመጣ ከትምህርት የሚቀሩ ልጆች አሉ። ይሄንን ሁሉም ያውቃል፣ ግን ማንም አያወራውም። መጀመሪያ በሚኒ ሚዲያ የሚነበብ አጭር ጽሑፍ አዘጋጅተን ነበር፣ «ይሄ አይነበብም» ተባለ። ከዚያ የክፍላችን ልጆች ተሰብስበን አቤቱታ ጻፍን። ስድብ የለበትም፣ የማንንም ስም አላነሳንም። ውሃ ይግባልን፣ እስኪገባ ድረስ በርሜል ይቀመጥልን ነው ያልነው። 43 ልጅ ፈረመ።

በማግስቱ የክፍል አለቃችን ቢሮ ተጠራች። «ማን አስፈረማችሁ? ይሄ አድማ ነው» አሏት። ስልኳን ተቀብለው አስከፍተው የክፍላችንን የቴሌግራም ግሩፕ ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ስልኩን ማታ መለሱላት፣ ወላጅ አምጪ ተባለች። አባቴ ይሄን ሲሰማ «ተይው ልጄ፣ አንገትሽን ደፍተሽ ትምህርትሽን ተማሪ» አለኝ። ስለሚሳሳልኝ ነው፣ አልተቀየምኩትም።

እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ባለፈው ሴሚስተር በዜግነት ትምህርት ከ20 19 ነው ያገኘሁት። ሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 29፣ አንቀጽ 30 እያልኩ በቃሌ እወጣዋለሁ። ያን ቀን ግን ጓደኛዬ እያለቀሰች ከቢሮ ስትወጣ አንድ ቃል ከአፌ አልወጣም። ተማሪ አቤቱታ የማቅረብ መብት አለው ወይስ የለውም? ስልክ ከፍቶ ማንበብስ ይቻላል? ሰብዓዊ መብትና ዴሞክራሲያዊ መብት እያልን የሸመደድነው ልዩነትስ ለእንደኔ ዓይነት ሰው ምን ይጠቅማል?

ሕግ ያነበበ ወሎዬ፦

እህቴ፣ ቀጥታ ልመልስልሽ። አለው። አቤቱታ ማቅረብ አንቀጽ 30 ላይ ከመሰብሰብና ከሰላማዊ ሰልፍ ጋር አብሮ የተጻፈ መብት ነው። አንቀጹ የሚጀምረው «ማንኛውም ሰው» ብሎ ነው። 18 ዓመት የሞላው አይልም፣ ሠራተኛ አይልም፣ ወላጁ የፈቀደለት አይልም።

ሕገ መንግሥት ስታነቢ ቁጥሩን ከመሸምደድ በፊት የአንቀጹን የመጀመሪያ ቃላት እዪ። መብቱ የማን እንደሆነ እዚያ ላይ ነው የሚነገርሽ። የመምረጥ መብትን ውሰጂ፣ አንቀጽ 38 ነው። እዚያ «ማንኛውም ኢትዮጵያዊ ዜጋ» ነው የሚለው፣ ለመምረጥም 18 ዓመት ይጠይቃል። ስለ ሕይወት፣ ስለ አካል ደኅንነት፣ ስለ እምነት፣ ሐሳብን ስለ መግለጽ ሲያወራ ግን «ማንኛውም ሰው» ነው። ሰው ነሽ፣ በቃ። ቀጥሎ ወደ መጨረሻዎቹ ንዑስ አንቀጾች ውረጂ። ገደቡ ብዙ ጊዜ ያለው እዚያ ነው። እዚያም «በሕግ» ወይም «በሕግ መሠረት» የሚል ነገር ታገኛለሽ። መብት የሚገደበው አስቀድሞ በወጣ ሕግ ነው ማለት ነው እንጂ አንድ ኃላፊ ጠዋት ሲነሳ ስለደበረው አይደለም።

ስለ ክፍፍሉ የጠየቅሽው፦ ምዕራፍ ሦስት ከአንቀጽ 13 እስከ 44 ነው። ከ14 እስከ 28 ሰብዓዊ፣ ከ29 እስከ 44 ዴሞክራሲያዊ ይላቸዋል። ለፈተና ይጠቅምሻል። በኑሮ ውስጥ ግን አንዱ ከሌላው አይለይም። ውሃ አጥታ ከትምህርት የምትቀር ልጅ እኩልነቷም (25)፣ ክብሯም (24)፣ ትምህርቷም አንድ ላይ ነው የሚነካው።

ስልኩ ላይ ደግሞ ጠንከር ብዬ ነው የምናገረው። ስልክ መያዝና ስልክ ማንበብ ሁለት ነገር ነው። ትምህርት ቤቱ ክፍል ውስጥ ስልክ አይነካም የሚል ደንብ ቢኖረውና ቢወስድባት፣ ማታም ቢመልስላት፣ እሺ። ከፍቶ የተጻጻፈችውን ማንበብ ግን አንቀጽ 26 ውስጥ ይገባል። አንድ ሰው የሚጽፈውና የሚጻጻፈው፣ በስልክም በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያም የሚያደርገው ግንኙነት አይደፈርም ነው የሚለው። ፖሊስ እንኳ ለመበርበር በመደበኛው የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ያስፈልገዋል፣ ያውም የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ ብርበራውን ከጠዋቱ 12 እስከ ማታ 12 ሰዓት ነው የሚለው፣ ፍርድ ቤት በሌላ ሰዓት ካልፈቀደ በቀር። ታዲያ ዩኒት ሊደር ወይም ምክትል ርእሰ መምህር ከፖሊስ የበለጠ ሥልጣን ከየት አመጣ?

አድማ የሚለውን ቃልም አትፍሪው። አድማ ማለት ክፍል አንገባም ማለት ነው። እናንተ ክፍል ገብታችሁ ነው የጻፋችሁት።

ባለ ባጃጅ፣ ኮምቦልቻ፦

ይሄን ሳነብ የራሴ ነገር ትዝ አለኝ። ታናሽ ወንድሜ አርብ ከሰዓት በሰው ጥቆማ ተያዘ። ፖሊስ ጣቢያ ስሄድ «ቅዳሜና እሁድ ነው፣ ሰኞ ና» አሉኝ። ሰኞ ደግሞ «ነገ» ሆነ። በ4ኛው ቀን ነው ፍርድ ቤት የቀረበው። ስንቅ ይዤ ስሄድ አንድ ቀን ሳላየው መለሱኝ። ለምን እንደተያዘ እንኳ ለእናቴ የነገራት የለም። ኋላ በዋስ ወጣ፣ ክስም አልተመሠረተበትም። እኔ ያኔ 48 ሰዓት የሚባለውን እንደ ወሬ ነበር የምሰማው። ቅዳሜና እሁድ አይቆጠርም የሚባለው እውነት ነው?

ሕግ ያነበበ ወሎዬ፦

ወንድሜ፣ አንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 3 ከ48 ሰዓት ውስጥ የሚቀንሰው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከተያዘበት ቦታ ፍርድ ቤት ለመድረስ መንገዱ በአግባቡ የሚወስደው ጊዜ ነው። ቅዳሜና እሁድ እዚያ ውስጥ አልተጻፈም። ከደላንታ ሩቅ ቀበሌ ቢያዝ መንገዱ ይታሰባል እንበል። ከኮምቦልቻ ኮምቦልቻ ግን ምን መንገድ አለው?

ሌላው፣ የተያዘበትን ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያውኑ ሊነገረው ይገባ ነበር። ላለመናገርም መብት አለው። አልናገርም ማለት ጥፋተኛ ነኝ ማለት አይደለም። ከተናገረም ቃሉ ፍርድ ቤት ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብበት እንደሚችል ሊነገረው ይገባል። ተገዶ የሰጠው ቃል ተቀባይነት የለውም፣ ይሄም እዚያው አንቀጽ 19 ውስጥ ነው። ስንቅ ይዘህ ሳታየው የተመለስክበት ጉዳይ ደግሞ አንቀጽ 21 ነው። በጥበቃ ሥር ያለ ሰው ከትዳር ጓደኛው፣ ከዘመዶቹ፣ ከጓደኞቹ፣ ከሃይማኖት አባቱ፣ ከሐኪሙና ከጠበቃው ጋር የመገናኘት መብት አለው።

ፖሊስ ምርመራ አልጨረስኩም ካለ ጊዜ ቀጠሮ ይጠይቃል። ዳኛው ቢፈቅድ እንኳ በመደበኛው የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን አይበልጥም። ሰው ተይዞ በጊዜው ፍርድ ቤት ካልቀረበ ደግሞ ቤተሰብ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። ፍርድ ቤቱ ሰውየውን አቅርቡልኝ፣ በምን ሕግ እንደያዛችሁትም ንገሩኝ ብሎ ያዛል። ብዙ ሰው ይሄን አያውቅም። እኔም ሕግ ትምህርት ቤት ሳልገባ በፊት አላውቅም ነበር።

ቧንቧ ውሃ፦

ይሄ ሁሉ ጥሩ ነው፣ ግን እውነቱን እናውራ። የምንኖረው አማራ ክልል ነው። ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ለ6 ወር ተብሎ እንደገና ለ4 ወር ተራዘመ። ኢንተርኔትም ተዘግቶብን ከረመ። ያኔ አንቀጽ 26 የት ነበር? አንቀጽ 30 የት ነበር? ይቺን ልጅ አይዞሽ እያላችሁ ወደ ጣጣ አትላኳት። አባቷ የሚያውቀውን ነው የነገራት።

ሕግ ያነበበ ወሎዬ፦

የምትለውን አልክድም። እኔም እዚሁ ነው የከረምኩት። ግን አስቸኳይ ጊዜ ራሱ በሕገ መንግሥቱ ውስጥ አንቀጽ 93 ነው፣ ከሕገ መንግሥቱ ውጭ ያለ ሌላ ሀገር አይደለም። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያውጃል፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ማጽደቅ አለበት፣ ከ6 ወር አይበልጥም፣ የሚራዘመውም በ4 ወር በ4 ወር ነው። በዚያ ጊዜም ቢሆን የማይነኩ ነገሮች አሉ። ከእነዚህ አንዱ አንቀጽ 18 ነው፣ ሰው በጭካኔና ክብሩን በሚያዋርድ መንገድ አይያዝም የሚለው። ሌላው 25 ነው፣ እኩልነት።

በዝርዝሩ ውስጥ የሌለውም አለ። በሕይወት የመኖር መብት (15) እዚያ በስም አልተጠቀሰም፣ ይሄ እኔን ሁልጊዜ ያሳስበኛል። አንቀጽ 13 ግን ምዕራፍ ሦስት ኢትዮጵያ ከተቀበለቻቸው ዓለም አቀፍ የሰብዓዊ መብት ስምምነቶች ጋር በሚጣጣም መንገድ ይተረጎማል ይላል። የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን ደግሞ በሕይወት የመኖር መብትን በአስቸኳይ ጊዜም ቢሆን መታገድ ከማይችሉት ውስጥ ነው ያስቀመጠው። ኢትዮጵያ ይህን ቃል ኪዳን የተቀበለችው 1985 ላይ ነው። እንዲህ እየተፈለገ ነው የሚገኘው። ተከብሮ ነበር ወይ ካልከኝ አልተከበረም የሚሉ ብዙ ቤተሰቦች አሉ። ያልተከበረ መሆኑን ራሱ ለመናገር ግን ምን መከበር እንደነበረበት ማወቅ ያስፈልጋል።

የመርሳው መምህር፦

ልጆች፣ እኔ ጡረታ የወጣሁ የታሪክ መምህር ነኝ። ስልኬ ላይ ቀስ እያልኩ ነው የምጽፈው።

የተወለድኩት ሐብሩ ወረዳ፣ መርሳ ነው። በ1965 ዓ.ም. የ10 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከገጠር የወረደ ሰው የደሴና የወልዲያ አውራ ጎዳና ዳር ተቀምጦ ነበር። መኪና ሲያልፍ እጃቸውን ይዘረጋሉ። እናቴ የቆላችውን ገብስ በጉርሻ በጉርሻ እየከፈለች ታድል ነበር፣ በኋላ እሱም አለቀ። አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት ከቤታችን ፊት ለፊት ካለው ዋርካ ሥር ሁለት ቀን ተቀመጠች፣ በሦስተኛው ቀን አልነበረችም። ወዴት እንደሄደች አልጠየቅኩም። አሁን ድረስ ለምን እንዳልጠየቅኩ አስባለሁ።

ይሄ ሁሉ ሲሆን መንግሥት ዝም ብሎ ነበር። እህል የጠፋው ድርቅ ስለገባ ነው። ያን ያህል ሰው ያለቀው ግን ነገሩ ስለታፈነም ጭምር ነው። ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን እዚህ ወርደው ፎቶ አንስተው ተመለሱ፣ ፎቶውንም ግቢ ውስጥ ለተማሪ አሳዩት። ሀገሩ ስለ ወሎ ማውራት የጀመረው መምህርና ተማሪ ስለተናገረ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ከሥልጣን ሲወርዱ ይሄ ረሃብ ከትልልቆቹ ምክንያቶች አንዱ ነበር።

ለተማሪዎቼ ደጋግሜ የምነግራቸው የነበረው ደግሞ ይሄን ነው። በ1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የመናገርና የጽሑፍ ነጻነት በሕግ መሠረት የተጠበቀ ነው ይል ነበር። እዚያው ተጽፎ ነበር እኮ! 17 ዓመት ሙሉ ተጽፎ ቆየና የመርሳ ሰው መንገድ ዳር ሲያልቅ ጋዜጣ አላወራም። ባለሥልጣኑ ፈራ፣ ጸሐፊው ፈራ፣ ያየው ሁሉ ለሌላው ተወው። ቧንቧ ውሃ ልጄ፣ ያንተን ስጋት እረዳዋለሁ፣ እኔም አባት ነኝ። ግን ዝም ማለትም ጣጣ እንዳለው አይቻለሁ።

ሽንት ቤት ውስጥ ውሃ የለም ብሎ መጻፍ ከረሃብ ጋር አይወዳደርም ትሉ ይሆናል። አይወዳደርም። ያየኸውን ለሚመለከተው ክፍል መናገር ግን የሚለመደው ከትንሹ ጀምሮ ነው። የኔ ልጅ፣ 43 ልጅ ስሙን ጽፎ መፈረሙ ትልቅ ነገር ነው።

እመምህርት፦

እኔ አሁንም ክፍል የማስተምር ነኝ፣ ስለዚህ ከውስጥ ያለውን ልንገርሽ። ኃላፊዎች ብዙ ጊዜ የሚደነግጡት በጥያቄው አይደለም። ፊርማ ሲያዩ «ከጀርባ ማን አለ?» ይላሉ፣ ከበላይ እጠየቃለሁ ብለውም ይፈራሉ። ይሄ ያደረጉትን ትክክል አያደርገውም። ግን እንዴት እንደምትቀርቢ ያሳይሻል።

አቤቱታውን ንጹሕ ወረቀት ላይ እንደገና ጻፉት። ለማን እንደሆነ፣ ቀን፣ ችግሩ ከመቼ ጀምሮ እንዳለ፣ የምትጠይቁት ነገር ምን እንደሆነ ይኑረው። በሁለት ኮፒ አድርጉትና አንዱን መዝገብ ቤት ስጡ፣ ሌላው ላይ የገቢ ቁጥርና ማህተም አስመቱ። በቃል የተነገረ ነገር ይረሳል፣ ገቢ የሆነ ወረቀት ግን መልስ ይፈልጋል። ለወላጅ መምህር ኅብረት ግልባጭ አድርጉ። መልስ ከጠፋ የከተማው ትምህርት መምሪያ አለ። ከዚያም ካልሆነ የእንባ ጠባቂ ተቋም አለ፣ በአስተዳደር በደል ላይ ነው የሚሠራው። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም አለ። ሁለቱም በ1992 በአዋጅ የተቋቋሙ ናቸው፣ አቤቱታ የሚቀበሉትም በነጻ ነው።

አንድ ሰው «ለምን በሽማግሌ አትይዙትም» ሊላችሁ ይችላል። እኛ ወሎ ላይ ሽምግልና እንወዳለን፣ እኔም እወዳለሁ። ለተጣላ ሰው ነው ግን። እናንተ ከማንም አልተጣላችሁም፣ ይቅርታ የምትጠይቁበት ነገርም የለም።

ሌላው፣ ይሄን ጉዳይ ተከትሎ ማንም እጁን እንዳያነሳባችሁ። አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት አካልን ከሚጎዳ ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነጻ እንዲሆኑ በግልጽ ይናገራል። አለንጋ፣ ኩርኩም፣ ጠጠር ላይ ማንበርከክ፣ ሁሉንም። እኛ መምህራን ይሄን ለመቀበል ጊዜ ወስዶብናል። እኔም ስጀምር እመታ ነበር፣ ስህተት ነበር።

የቴሌግራም ግሩፓችሁን ግን ጠብቁት። ሐሳብን መግለጽ መብት ነው፣ የሰው ስም ማጉደፍ ግን አይደለም። ዘርን ወይም ሃይማኖትን ለይቶ ጥላቻ የሚያነሳሳ ነገር መለጠፍም በአዋጅ 1185/2012 ያስቀጣል። ሐሰተኛ መረጃ ማሰራጨትም እንደዚሁ፣ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከተለጠፈ ደግሞ ቅጣቱ ይከብዳል። ስለዚህ ስለ ውሃው ጻፉ፣ ስለ ሰውየው አትጻፉ።

ባለ ባጃጅ፣ ኮምቦልቻ፦

እመምህርት፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሕግ ያነበብከው ወንድሜ፣ አንተም እንዲሁ። አንቀጽ 19ንና 21ን በእጄ ገልብጬ ባጃጄ ውስጥ መስታወቱ ሥር ለጥፌዋለሁ። ዛሬ ሁለት ተሳፋሪ አነበበው፣ አንዱ ፎቶ አነሳው።

ቧንቧ ውሃ፦

መምህር፣ የጻፉትን አነበብኩ። አያቴም ከቆቦ በዚያ ዘመን ነው ወደ ደሴ የመጣችው። ስለዚያ ነገር አንድም ቀን አውርታልን አታውቅም። ስጋቴ አሁንም አለ። ግን እህቴ፣ ወረቀቱን ስታስገቡ ብቻችሁን አትሂዱ፣ ወላጅ ይዛችሁ ሂዱ። ደሴ ውስጥ ከሆነ እኔም መምጣት እችላለሁ።

የሰኞ ገበያ ልጅ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መምህር፣ የጻፉትን ለአባቴ አነበብኩለት። ብዙ ጊዜ ዝም አለና «የሐብሩ ሰው ነው?» አለኝ። ከዚያ ምንም አልተናገረም።

ሐሙስ አቤቱታውን እንደገና ጻፍን። አሁን 61 ልጅ ነው የፈረመው፣ ወንዶችም ጨመሩ። አባቴ ከሥራ አስፈቅዶ አብሮኝ መጣ። ጸሐፊዋ መጀመሪያ አልቀበልም አለች። አባቴ ኮፍያውን አውልቆ «እህቴ፣ መቀበል ብቻ ነው፣ መልሱን አለቆችሽ ይስጡ» አላት። ተቀበለች። ገቢ ቁጥሩ ኮፒያችን ላይ አለ፣ ደብተሬ ውስጥ ነው ያስቀመጥኩት።

ስለ ስልኩ ለየብቻ አንድ ገጽ ጽፈናል፣ የክፍል አለቃችን ናት የፈረመችው። እናቷ አትፈርሚ ብላት ነበር፣ እሷ ግን ፈረመች።

ውሃው ገና አልመጣም። ትናንት ግን ሁለት በርሜል በር ላይ ተቀምጦ አየን፣ አንዱ ክዳን የለውም። ሰኞ በ4 ሰዓት ስብሰባ አለ ተብለናል፣ ሦስት ተማሪ ይግባ ብለዋል። አንዷ እኔ ነኝ።